ቴአትር ሳያዩ ተዋናይ ለሚሆኑ ሁሉ

ዛሬ ምስጋና ላቀርብ ነው። ምስጋናዬም ቴአትር አይተው ሳያውቁ ተዋናይ ለመሆን ለሚሰለፉ ወገኖቼ ነው። ጎበዝ ያላቸው ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። እኔ ልበላቸው።

አንድ አንጋፋ ቴአትር ቤት ታድሶ ሲከፈት ልብ ብላችሁ እዩ። ወንበሩ አዲስ፣ መጋረጃው አዲስ፣ መብራቱ አዲስ። እሁድ በስምንት ሰዓት ቴአትር አለ ይባላል። ስትገቡ የምታገኙት የተዋንያኑን ዘመዶች፣ ጨለማው የተመቻቸው ሁለት ፍቅረኛሞችና ዝናብ ሊያሳልፍ የገባ አንድ ሰውዬ ነው። ሰኞ ጠዋት እዚያው በር ላይ «ለአማተር ተዋንያን ኦዲሽን እናካሂዳለን» የሚል ወረቀት ይለጠፍ። ሰልፉ ታክሲ ተራው ጋ ይደርሳል።

ታዲያ ቅናተኛ አይጠፋም። «ቴአትር ሳያይ እንዴት ተዋናይ ይሆናል?» ይላል። ምን ነካው? ማየት እኮ ያስፈራል። ቴአትር ያየ ሰው የሚችል ሰው መድረክ ላይ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ስለዚህ ሲፈተን ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ያላየው ግን ምን አለበት? ወጥቶ ይለዋል።

የኦዲሽኑን ቀን ብታዩት ደስ ይላችኋል። ተፈታኙ ስሙን ሲጠየቅ «አርቲስት» ብሎ ይጀምራል። ማዕረጉ ከሥራው ቀድሞ መድረሱ ጊዜ ይቆጥባል።

«የት ሠርተህ ታውቃለህ?»

«ቲክቶክ ላይ።»

«ቴአትርስ አይተህ ታውቃለህ?»

«ቁርጥራጭ አይቻለሁ።»

«ለየትኛው ገጸ ባሕርይ ነው የመጣኸው?»

«ለመሪው።»

«ጽሑፉን አንብበኸዋል?»

«መሪው ማን እንደሆነ ንገሩኝና የሱን አነበዋለሁ።»

እንዲህ ዓይነት ዓላማ ያለው ወጣት ከየት ይገኛል? በር ከፍቶ «ጌታዬ፣ እንግዳ መጥቷል» ብሎ የሚወጣውን አሽከር ልጫወት ብሎ የመጣ አንድ ሰው አይገኝም። በዚህ አያያዛችን ሁላችንም ንጉሥ እንሆንና እንግዳው በር ላይ ቆሞ ይቀራል።

ከዚያ መነባንብ ይመጣል። ወንዱ ሁሉ ድምፁን ያጎረንናል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ተርኮ አገር አስደምሟል። የዛሬዎቹ ግን የሚያስመስሉት ወጋየሁን አይደለም። ወጋየሁን የሚያስመስለውን ሰው የሚያስመስል ልጅ ስልካቸው ላይ ሰምተው ነው የሚመጡት። ሴቶቹ በበኩላቸው ያለቅሳሉ። ገጸ ባሕርይዋ ሙሽራም ትሁን ሽንኩርት ነጋዴ ያለቅሳሉ። ይሄም ትልቅ እድገት ነው። በቴአትራችን መጀመሪያ ዘመን የሴቷን ቦታ ቀሚስ ለብሶ የሚጫወተው ወንድ ነበር። እነ ሰላማዊት ገብረሥላሴ ናቸው ደፍረው መድረኩን የያዙት። እነሱ በሐሜት መሃል የከፈቱት በር ዛሬ ለሰልፊ ጥሩ ብርሃን ያስገባል።

ሰልፊውን ካነሳን አይቀር፣ ለእድሳቱ ወጪ ዋጋ የሰጡት እነዚሁ ተፈታኞች ናቸው። አዲሱ ወንበር ላይ የተቀመጠው ማን ነው? እነሱ። መጋረጃውን ይዞ ፎቶ የተነሳው ማን ነው? እነሱ። ሥዕሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው አንጋፋ ተዋናይ ማን እንደሆነ ግን አትጠይቋቸው። «ፋዘር» ነው።

የድሮ ሰዎች ግን ነገሩ አልገባቸውም ነበር። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ጣሊያን ሊወረን እየተዘጋጀ ነበር። ሕዝቡ ንግግሩንና መዝሙሩን ሊሰማ ይሰበሰባል። አስቡት፣ ሊሰማ! ብሔራዊ ቴአትርም ጣሊያን ሲኒማ ቤት ሊያደርገው ጀምሮት የሄደ ሕንጻ ነው። ተጠናቆ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲመረቅ ከሺህ በላይ ሰው የሚያስቀምጥ አዳራሽና አንድ መድረክ ነበረው። ምን ዓይነት የተገላቢጦሽ ፕላን ነው! አሁን የሚያድስ ሰው ካለ ስሕተቱን ያርምልን። መድረኩ ሺህ ሰው ይያዝ። ለተመልካች አሥራ ሁለት ወንበር ይበቃል፣ ከዚያም ሁለቱ ለፍቅረኛሞቹ።

ስለ ቲኬት ብዙ አልልም። «ተወዷል» የሚለው ወዳጄ ይህን የሚነግረኝ ማኪያቶውን ሁለተኛ ጊዜ እያዘዘ ነው። ደግሞም አርቲስት ቲኬት ይቆርጣል እንዴ? የመግቢያ ካርድ ይላክለታል እንጂ። ካርዱ ሲደርሰው ባይመጣ ሥራ በዝቶበት ነው። ሌላ ኦዲሽን አለበት።

እኔ ለቴአትር ቤቶቻችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ቴአትር አለ ብላችሁ አታስተዋውቁ። «ለተመልካችነት ኦዲሽን» በሉ። ሁለት ሰዓት ስልኩን ሳይነካ መቀመጥ የሚችል፣ በሚያስቀው ቦታ የሚስቅ፣ በሚያሳዝነው ቦታ የማይስቅ፣ መጋረጃ ሳይዘጋ ለታክሲ የማይሮጥ። የሥራ ልምድ አይጠየቅም። የምዝገባውን ክፍያ የቲኬቱን ያህል አድርጉት። ሰልፉን ፖሊስ ካላስተባበረው እኔን አያድርገኝ።

አንድ ችግር ብቻ ይታየኛል። የመጀመሪያው ተፈታኝ ገብቶ ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ «መሪ ተመልካቹ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል።