በርሊን ተቀምጦ ለታጣቂ ማጨብጨብ

ሰሞኑን ቡና ላይ አንድ ወዳጄ «መንግሥት ሠራዊቱ ሲደክምበት በታጣቂ ቢጠቀም ምን አለበት?» ብሎኝ ደሜ ፈላ። ያውም በርሊን ተቀምጦ! ነገሩ እኮ እዚሁ ከተማ ተሞክሯል። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

በ1918 ጀርመን ስትሸነፍ ወታደሩ ከግንባር ተመለሰ። ሥራ የለ፣ ከጠመንጃ ሌላ የሚያውቀው ሙያ የለ። መኮንኖቹ ፍራይኮርፕስ የሚባሉ የታጣቂ ቡድኖች አቋቋሙ፣ ደመወዝና ቀለብ አለ ሲባል ብዙው ተመዘገበ። እኛ ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ሲለምን አይተናል፤ የእነሱ ግን ቀጣሪ አገኘ። ቀጣሪው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የለዘብተኞቹ ሶሻሊስቶች፣ የሶሻል ዴሞክራቶቹ መንግሥት! በጃንዋሪ 1919 አክራሪዎቹ ግራዎች በርሊን ላይ ሲያምፁ የመንግሥቱ የጦር ጉዳይ ኃላፊ ጉስታቭ ኖስከ እነዚህን ቀኝ አክራሪዎች ለቀቀባቸው። የግራዎቹን መሪዎች ሮዛ ሉክሰምቡርግንና ካርል ሊብክኔሽትን ይዘው በአንድ ሌሊት ገደሏቸው። የሮዛን ሬሳ ላንድቬር ቦይ ውስጥ ጣሉት። ዛሬ እዚያው ቦይ ዳር ስሟ በትልልቅ የብረት ፊደላት ቆሟል፣ ከውሃው የሚወጣ ይመስላል።

በማርች 1920 ደግሞ ፍራይኮርፕሶቹ ተበተኑ ሲባሉ እምቢ አሉ። ከእነሱ አንዱ፣ የኤርሃርት ብርጌድ፣ የራስ ቁሩ ላይ ስዋስቲካ (ኋላ የናዚዎች ምልክት የሆነውን) ስሎ በርሊን ገባ። ኖስከ መደበኛ ጦሩን ተኩሱ ቢል ጄኔራሎቹ ወይ ፍንክች! መንግሥት ተብዬው ወደ ድሬስደን፣ ከዚያ ወደ ሽቱትጋርት ፈረጠጠ። ያዳነው ሠራተኛው ነው፣ ሥራ አቁሞ፣ መብራቱንም ባቡሩንም ቀጥ አድርጎ። ታዲያ መንግሥቱ ተማረ? ምን በወጣው! ሳምንታት ሳይቆይ ሩር በሚባለው የኢንዱስትሪ አካባቢ ያመፁ ሠራተኞች ላይ እነዚያኑ ፍራይኮርፕሶች ላከ። ሠራተኛው ምን እንዳለ እናንተው ገምቱት። የኤርሃርት ሰዎች ደግሞ በስውር ተደራጅተው በ1921 የቀድሞውን የገንዘብ ሚኒስትር ኤርዝበርገርን፣ በ1922 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ራተናውን ገደሉ።

እኔን የሚያበግነኝ ግን ፍርዱ ነው። በዚህ አገር የትራንስፖርት ትኬት ገዝቼ ማሽኑ ላይ ማህተም ስላላስመታሁ ብቻ 60 ዩሮ ተቀጥቻለሁ። ተቆጣጣሪውን ብለምነው፣ ትኬቱን ባሳየው፣ «ሕግ ሕግ ነው» ብሎ ወረቀቱን ሰጥቶኝ ወረደ። እነሮዛን ያስገደለው መኮንን ቫልደማር ፓብስት ግን በዚህ ግድያ አንድም ቀን አልተከሰሰም። በ1962 ደር ሽፒግል ለተባለው መጽሔት ትእዛዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ ብሎ በአፉ ተናገረ። ያኔም የጠራው የለም፣ በ1970 በ89 ዓመቱ ሞተ።