ማስተካከያ፦ በጂን እርማት የሚዘጋጁ የልብ ሴሎች፣ ማነጻጸሪያቸውና የሚለኩበት ጊዜ

በዘር የሚተላለፍ የልብ ጡንቻ መወፈርን በስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ በሚችል ሴል) ስለማጥናት ቀደም ሲል በቀረበው መረጃ ሁለት ነጥቦች ይስተካከሉ።

«የታማሚውን ሴል ከማንኛውም ጤናማ ሰው ሴል ጋር ማነጻጸር ይበቃል» የሚለው ትክክል አይደለም። ሁለት ሰዎች በሚሊዮን በሚቆጠሩ የዲኤንኤ ፊደላት ይለያያሉ፤ የታየው ልዩነት በሽታውን ከሚያመጡት ጂኖች አንዱ ከሆነው ከኤምዋይኤች7 ይምጣ ከሌላ መለየት አይቻልም። ትክክለኛው ማነጻጸሪያ ከራሱ ከታማሚው ስቴም ሴል ተወስዶ በሽታውን ያመጣችው አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ብቻ በክሪስፐር (ዲኤንኤን በተፈለገው ቦታ ለማረም በሚያገለግል መሣሪያ) የታረመችበት ነው። ከእርማቱ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሦስት ክሎን (እያንዳንዱ ከአንድ ሴል የተባዛ የሴል ስብስብ) ይያዝ፤ ክሮሞሶማቸውም ይመርመር። በተለይ ከ20ኛው ክሮሞሶም ረጅም ክንድ ላይ ቁራጭ የተደገመበት ሴል በሕይወት የመቆየት ብልጫ ስላለው ሴሎቹ የሚያድጉበትን ሳህን ቀስ በቀስ ይወርሰዋል። ድግግሞሹ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ተራው የካሪዮታይፕ ምርመራ (ክሮሞሶሞችን በማይክሮስኮፕ ማየት) ሊያልፈው ይችላል፤ ይህ ብዙ ውጤት ያበላሻል።

ሁለተኛው፣ «በ10ኛው ቀን መምታት ሲጀምር ለልኬት ዝግጁ ነው» የተባለው ነው፤ ቀኑ የሚቆጠረው ስቴም ሴሉን ወደ ልብ ሴል መለወጥ (ልየታ) ከተጀመረበት ነው። መምታቱ የልብ ሴል መሆኑን እንጂ መብሰሉን አያሳይም፤ ገና የፅንስ ልብን ይመስላል። አስቀድሞ ግሉኮስ በሌለውና 4 ሚሊሞላር ላክቴት ባለው ማሳደጊያ ፈሳሽ ለ4 ቀን ያህል ይጣራ፤ የልብ ያልሆኑት ሴሎች በላክቴት ብቻ መኖር ስለማይችሉ ይሞታሉ። የሴል መጠንና የመኮማተር ኃይል ከ30ኛው ቀን በኋላ ይለካ፤ የታማሚውና የታረመው ሴል ልየታም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዙር ፈሳሽ ይጀመር።