እናቱ «አትስጡት» ብላ ነበር

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ስለ ከረሜላ ነው። «አገሩ ስንት ጉድ ተሸክሞ ስለ ከረሜላ ይወራል?» የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበል። ሕፃን ልጅ አሳብዶ፣ ስቆበት፣ ኋላም ደብድቦ ወደ ቤቱ የሚሄድ ጎልማሳ ባለበት ሰፈር ግን ከዚህ የሚበልጥ ጉድ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም።

በሰፈራችን አንድ የስድስት ዓመት ልጅ አለ። ስሙን አልጠራም፤ ስሙ ያለ ጥፋቱ ብዙ አፍ ውስጥ ገብቷል። ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫው የሚነሳ፣ ባለሱቁን እንኳ እጅ ነሥቶ የሚያልፍ ልጅ ነው። እናቱ ግን ረዘም ላለ ጊዜ አንድ ነገር ስታስተውል ቆይታለች። ደማቅ ቀለም ያለው ከረሜላ ሲበላ ወይም ያ በውኃ የሚበጠበጠውን የዱቄት ጁስ ሲጠጣ ልጁ ሌላ ሰው ይሆናል። መቀመጥ ያቅተዋል፤ በትንሽ በትልቁ ያለቅሳል፤ የያዘውን ይወረውራል፤ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። መጀመሪያ «ስኳሩ ነው» ብላ ስኳር ከለከለችው፤ ምንም ለውጥ አላየችም። ከዚያ ደብተር ገዝታ የበላውንና የሆነውን መጻፍ ጀመረች። ማር ሲልስ ደህና ነው፤ ሻዩን በስኳር ሲጠጣ ደህና ነው፤ ቀዩንና ብርቱካናማውን ከረሜላ የበላ ቀን ግን ያው ነው። ከለከለችው፤ ልጁም ሰከነ። ትምህርቷ ብዙ አይደለም፤ ያደረገችው ግን የተማረ ሰው የሚያደርገውን ነው።

የጎረቤት ልጅ ልደት ነበረና ሁላችንም ተጠራን። እናትየው አስቀድማ ወደ ቤቱ እመቤት ጠጋ ብላ «እትዬ፣ ቀለም ያለው ነገር ብቻ እንዳይሰጡብኝ፤ አይስማማውም» አለቻቸው። «እሺ የኔ ልጅ» አሏት። ሙዝ፣ ቆሎና ቤቷ የጋገረችውን ዳቦ ለልጇ ቋጥራ አምጥታለች። ለማንም አላስቸገረችም። እንዲያውም እንግዳ ሆና መቀመጥ ሲገባት፣ እንደ ወጋችን፣ ሰው በዝቶባቸው ስታይ ልታግዝ ወጥ ቤት ገባች።

እሷ እንደገባች አንድ የተከበሩ ጎልማሳ ልጁን ጠሩት። በብርጭቆ ቀይ መጠጥ ቀዱለት፤ በእጁም ከረሜላ አስጨበጡት። ልጁ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። «እማዬ ያምሃል ብላኛለች» አለ። ስድስት ዓመቱ ነው! አዋቂ የተሰበሰበበት ቤት ውስጥ እውነቱን የተናገረው እሱ ብቻ ነበር። ሰውየው «ወንድ አይደለህ እንዴ? ምን ትሆናለህ? ጠጣ!» አሉት። ጠጣ። «ትልቅ ሰው ሲሰጥህ እምቢ አትበል» ብለን ያሳደግነው እኛ ነንና ጠጣ። ከእኛ መካከል «ተዉ» ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ቆይቶ ልጁ ይሮጥ ጀመር። ሶፋ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ጮኸ። አንዱ «በሉ አሁን ጉዱን ታያላችሁ» ብሎ ስልኩን አወጣ። ሌላው ዘፈኑን ከፍ አደረገው። «ሰይጣኑ ተነሣበት» እያሉ ያጨበጭቡለታል። ፊቱ ቀልቶ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ራሱም ምን እንደሆነ የማያውቅ ሕፃን ከብቦ የሚስቅ አዋቂ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አየሁ። እየሳቁ ሳለ ልጁ ረከቦቱን ገጨው። ሲኒው ረገፈ፣ ጀበናው ተገለበጠ፣ የማንደጃው ፍም ልጆች በተቀመጡበት ምንጣፍ ላይ ተበተነ። እግዚአብሔር ጠብቆ ማንም አልተቃጠለም። ሳቁ ባንድ አፍታ ቁጣ ሆነ። እኚያው መጠጡን የቀዱት ሰው ተነሥተው ልጁን በጥፊ መቱት። «ያልተገራ! እናትህ ምን አስተማረችህ?» አሉት።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

እናቱ ከወጥ ቤት ሮጣ ወጣች። አንድ ጊዜ አፉን አየችው፤ ምላሱ ቀልቷል። «ማን ሰጠው?» አለች። የመለሰላት ሰው የለም። ልጁ እየተንሰቀሰቀ «አልፈልግም ብዬ ነበር» አላት። አዝላው ወጣች። ማታውን ያ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ የሰፈር መሳቂያ ሆነ። እኔ ይህን ይቅር ማለት አልቻልኩም። ጥፊውን ምናልባት እረሳው ይሆናል፤ ሰው ይቆጣል። ሳቁን ግን አልረሳውም።

«ይሄ የዘመኑ ቅብጠት ነው፤ እኛ ስንቱን በልተን አድገናል» የምትሉ አላችሁ። ያደግንበትን ምግብ እናስታውሰው እስቲ። አልጫችን ቢጫ የሚሆነው በእርድ ነበር። እነዚህ ግን አብዛኞቹ ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች የሚሠሩ ቀለሞች ናቸው፤ ለዓይን ካልሆነ ለሰውነት የሚጨምሩት አንዳች ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የእንግሊዙ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 153 የሦስት ዓመት ልጆችንና 144 የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆችን አጠኑ። ልጆቹ ሕመምተኞች አልነበሩም፤ እንደማንኛችንም ልጆች ናቸው። አንዳንድ ሳምንት እነ ታርትራዚንና ሰንሴት የሎውን የመሳሰሉ ቀለሞችና ሶዲየም ቤንዞኤት የተባለው ማቆያ የተጨመረበት መጠጥ፣ ሌላ ሳምንት ደግሞ መልኩም ጣዕሙም ያንኑ የሚመስል፣ ቀለሙና ማቆያው ግን የሌለበት መጠጥ ተሰጣቸው። በየትኛው ሳምንት የትኛውን እንደጠጡ ልጆቹም ወላጆቹም መምህራኑም አያውቁም። ውጤቱ «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጣ፤ ድብልቁን በጠጡ ጊዜ ልጆቹ በአማካይ ይበልጥ ተቅበጥባጭ ሆነው ተገኝተዋል። ስኳርንማ ሳይንቲስቶች ደጋግመው ፈትነውት የልጅ ጠባይ ሲለውጥ አላገኙትም። የሰፈራችን እናት በደብተሯ የደረሰችበትም ይኸው ነበር።

ላጋንን አልፈልግም። ለውጡ በአማካይ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ብዙ ልጆች ምንም አይሆኑም፤ ጥቂቶች ግን ክፉኛ ይታወካሉ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም ጥናቱን መርምሮ ማስረጃው ውስን ነው ብሏል። ያም ሆኖ ከሐምሌ 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከእነዚህ ቀለሞች ስድስቱ ያሉበት ምግብ «በልጆች እንቅስቃሴና ትኩረት ላይ ጎጂ ተጽዕኖ ሊያሳድር ይችላል» የሚል ጽሑፍ ሳይለጠፍበት እንዳይሸጥ በሕግ ተደንግጓል። ያን ጽሑፍ ከመለጠፍ ቀለሙን መለወጥ የመረጡ ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው። የአሜሪካዋ የካሊፎርኒያ ግዛትም እ.ኤ.አ. በ2024 ስድስት ሰው ሠራሽ ቀለሞች ከትምህርት ቤት ምግብ እንዲወጡ ሕግ አጽድቋል፤ ሕጉ የሚጸናው ከ2027 ማብቂያ ጀምሮ ነው። እነዚያ አገሮች በማስረጃው እየተከራከሩም ቢሆን ለልጁ ሲሉ ተጠንቅቀዋል። እኛ ደግሞ ከባለሱቁ ማሰሮ በፍሬ እየተቆጠረ የሚሸጠውን፣ መጠቅለያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ የማንችለውን፣ አንዳንዴም ጭራሽ ያልተጻፈበትን ከረሜላ ለሕፃን በእጁ እናስጨብጣለን። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለን። አዋጅ ግን ሳሎን ድረስ ገብቶ የጎልማሳ እጅ አይይዝም።

ምናልባት ያን ዕለት ልጁን ያወከው ቀለሙ ብቻ አልነበረም ትሉኝ ይሆናል። ጫጫታው፣ የዘፈኑ ጩኸት፣ የከበበው ሰው። ይሁን፤ እሱም እውነት ሊሆን ይችላል። የእኔ ቁጣ በዚህ አይበርድም። እናት «ልጄን ይረብሸዋል» ስትል ዩኒቨርሲቲ ምስክር እንድታቆም ማን ሾመን? «ወተት አይስማማውም» ብትል እንሰማት ነበር። ስለ ጠባይ ስትናገር ጊዜ ግን «ማሳደግ አቅቷት ነው» እንላለን። ሆዱ ቢታመም «አይዞህ» የምንለውን ልጅ፣ ቀልቡ ሲታመም ባለጌ እንለዋለን።

የሚያሳዝነኝ ሌላም ነገር አለ። በአገራችን የጎረቤትን ልጅ መቆጣት ነውር አልነበረም፤ እኔም በጎረቤት ቁጣ ነው ያደግኩት። ግን የቆጣኝ ሰው ሲርበኝ ያጎርሰኝ ነበር፣ ውሻ ሲያባርረኝ ይደርስልኝ ነበር፣ እናቴ ስትወጣ አደራዋን ይቀበል ነበር። ቁጣው የመጣው ከአደራው ጋር ነው። እኛ አደራውን ጥለን ጥፊውን ብቻ አስቀረነው። አንዲት እናት ወጥ ቤት ገብታ እስክትወጣ ልጇን መጠበቅ ካልቻልን፣ «ልጅ የጋራ ነው» እያልን የምናወራው ለማን ነው?

ያቺ እናት አሁን ለቡና አትመጣም። እድሯን በሰው እጅ ትልካለች። ልጁ ከማንም እጅ ምንም አይቀበልም፤ ባለፈው ትኩስ ዳቦ ቆርሼ ብሰጠው እጁን ወደ ኋላ ደበቀ። እንዲህ እንዲሆን ያደረገው ከረሜላው አይደለም።

ምን ይደረግ ነው የምትሉኝ? ብዙ አልጠይቅም፤ ብዙ ለመጠየቅም ደክሞኛል። ቡሄ ሲመጣ «ሆያ ሆዬ» ብለው በራችን ለሚቆሙ ልጆች ሙልሙል ስጡ፤ ሙልሙል ከሌለ ዳቦ ስጡ። ልደት ስትደግሱ እናቶችን «የማይስማማው ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጠይቃችሁም የሰማችሁትን አክብሩ። መምህራን፣ ልጅ ከማንበርከካችሁ በፊት በእረፍት ሰዓት የበላውን ጠይቁ። ከወሬ በኋላም ቢሆን አንዳንድ ሰው ይገባዋል። የመንገዳችን ባለሱቅ ታሪኩን ሰምቶ ኖሮ፣ ሕፃናት ብቻቸውን ሲመጡ «እናትህ ታውቃለች?» ማለት ጀምሯል። ገበያው ሊጎዳበት ይችላል፤ እሱ ግን ይጠይቃል። አንድ ሰው ነው። ሁለት ቢሆኑ ደስ ይለኛል።

ያ ቪዲዮ በስልካችሁ ያለ፣ ዛሬውኑ አጥፉት። የላካችሁለትንም ሰው እንዲያጠፋው ለምኑት።

እርስዎም ጋሼ፣ ይህን እንደሚያነቡት አውቃለሁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያን ቀን ግን ክፉ ሠርተዋል። እናትየው በሯን ባትከፍትልዎ አይፍረዱባት፤ ሌላ ቀን ይመለሱ። ስትከፍትልዎም ሽማግሌ አያብዙ፤ ጉዳዩ የእርቅ ማዕድ የሚያስፈልገው አይደለም። ልጁን በስሙ ጠርተው «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም» ይበሉት። ለእናቱ ብቻ ነግረው እንዳይመለሱ። እሱ ራሱ፣ ከእርስዎ አፍ፣ ይስማው።