ዲር ሰር ኦር ማዳም ይባረክ

ባለፈው ሳምንት ኢሜይሌን ስከፍት አንድ የእርዳታ መጠየቂያ ፕሮፖዛል ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። የቦርድ አባል የሆንኩበት ትንሽ ማህበር ሥራ አስኪያጅ ነው የላከው። «አንዴ አይተህ አስተያየት ስጠን» ይላል። «ዲር ሰር ኦር ማዳም» ብሎ ይጀምራል። አድራሻው ላይ ዓይኔን ስጥል ለ312 ለጋሾች ሄዷል፣ ያውም አንዱ የሌላውን አድራሻ እያየ። አንድ ጎረምሳ ለ312 ልጃገረዶች በአንድ ደብዳቤ «ላግባሽ» ብሎ ጽፎ፣ ስማቸውን ሁሉ ከላይ ዘርዝሮ የላከ ነው የመሰለኝ። አስተያየት የተጠየቅኩት ደግሞ ከተላከ በኋላ ነው።

ማን እንደሆኑ ሳያጠኑ አንዱን ፕሮፖዛል ላገኙት ለጋሽ ሁሉ የመበተንን ልማድ ለናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። በማህበር አካባቢ ዞር ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ወቀሳውን ትቼ ዛሬ ላመሰግን ነው የተነሳሁት።

እስቲ አስቡት፣ ምን ያህል ድካም ቀረልን! ድሮ ለጋሽ የሚፈልግ ሰው ያነብ ነበር፣ ይጠይቅ ነበር፣ ስልክ ይደውል ነበር። አሁን ቴሌግራም ላይ «ምርጥ 500 ዶነሮች» የሚል ፋይል አለ። ከፍለህ ታወርዳለህ፣ አለቀ። ከ500ዎቹ ከፊሉ ከተዘጉ ቆይተዋል፣ አንዱ ባንክ ነው፣ አንዱ ደግሞ እንደኛው እርዳታ ፈላጊ ነው። ቢሆንም 500 ናቸው።

ይህ ሥልጣኔ ያልደረሳቸው ጥቂት ምስኪኖች ዛሬም አሉ። የአሜሪካ የግል ፋውንዴሽኖች በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤታቸው 990-ፒኤፍ የሚባል ቅጽ ያስገባሉ። ቅጹ ለማንም ክፍት ነው፣ በነፃ ይገኛል፣ ለማን ስንት ዶላር እንደሰጡ አንድ በአንድ ተዘርዝሮበታል። እነዚህ ምስኪኖች ታዲያ የሦስት ዓመቱን ጎን ለጎን ከፍተው ማታ ማታ ዓይናቸውን ያጠፋሉ። ይሄኛው ከራሱ ከተማ ውጪ ሰጥቶ ያውቃል? እኛን ለሚያክል ማህበር ስንት ይሰጣል? ሳልጠይቅ ፕሮፖዛል አትላኩብኝ ብሏል ወይስ አላለም? እንዲህ እንዲህ እያሉ ከ312 ስድስት ይቀራቸዋል። ስድስት! በስድስት ለጋሽ ምን ሪፖርት ይጻፋል? እኛ ጠቅላላ ጉባኤው ፊት ቆመን «በዓመቱ 312 ለጋሾችን አነጋግረናል» ስንል ቤቱ በጭብጨባ ነው የሚናጋው። ስንቱ መለሰ ብሎ የሚጠይቅ ጨዋታ አበላሽ ደግሞ በመካከላችን የለም።

አሁን ወደ አህያው ልምጣ።

ማህበራችን ሕፃናት ይመግባል። እድሜያቸው ከ4 እስከ 6 ዓመት ለሆኑ ልጆች ጠዋት ቁርስ ይሰጣል፣ ፊደል ያስቆጥራል። ሥራው ይኸው ነው። ከ312ቱ መሀል ግን አንዱ ለጋሽ የሚረዳው የጭነት እንስሳትን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሥራ አስኪያጃችን ድረ ገጹን ከፍቶ ያነበበው ብቸኛ ለጋሽ ይሄ ነው፣ ምን ታይቶት እንደሆነ እንጃ። «ኢትዮጵያ እኮ በአህያ ብዛት ከዓለም አንደኛ ናት» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ናት። «ታዲያ ብሩ ለምን ይለፈን?» አለ። አዲስ ፕሮፖዛል መጻፍ ግን ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን «ሕፃናት» የሚለውን ሁሉ «አህዮች» በሚለው ተካልኝ አለው። ኮምፒውተር ደግሞ ታዛዥ ነው።

በእንግሊዝኛ የተላከውን በአማርኛ ልንገራችሁ። እድሜያቸው ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆኑ አህዮች የቅድመ መደበኛ ትምህርት ተጠቃሚ ይሆናሉ። አህዮቹ ከቁርስ በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ከአህዮቹ ግማሾቹ ሴቶች ሲሆኑ የወላጆቻቸው ኮሚቴ በየወሩ ይሰበሰባል። በዓመቱ መጨረሻ 80 በመቶ የሚሆኑት አህዮች ፊደል ይለያሉ፣ ስማቸውንም መጻፍ ይችላሉ። የስጋት ሰንጠረዡ ላይ ደግሞ «በክረምት አህዮች ከትምህርት ገበታ ሊቀሩ ይችላሉ» ይላል፣ መፍትሔውም «ቤት ለቤት እየዞሩ አህዮቹን ማበረታታት» ነው። በጀቱ ላይ 60 የአህያ ደንብ ልብስ ከነሹራቡ ተይዟል። አባሪው ላይ አንድ ፎቶ አለ፤ ጥርሷ የወለቀ ልጅ ኩባያ ይዛ ትስቃለች። ከሥሩ «ከፕሮጀክቱ ተጠቃሚ አህዮች አንዷ» ይላል።

እዚህ ላይ ነው መሳቁን ያቆምኩት። ልጅቷን አውቃታለሁ። እናቷ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፣ አልፎ አልፎም ግቢ መጥታ እቃ ታጥብልናለች።

መልካችንን መቀያየር ግን ከአህያው በፊትም እናውቅበት ነበር። ያኔ ገንዘቡ ኤችአይቪ ላይ ነበር፣ እኛም እዚያው ነበርን። ቀጥሎ የሴቶች ማብቃት ሆንን፣ ቀጥሎ የአየር ንብረት፣ አሁን ደግሞ ሰላም ግንባታ ነን። ቁርሱ ያው ዳቦና ሻይ ነው። እስስት ብታየን ትቀናለች። በአዋጅ 621/2001 ዘመን ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማህበር መብት ላይ መሥራት ስለተከለከለ ሁላችንም «ሕጉ አሰረን» እያልን እናለቅስ ነበር። ለቅሶው ልክ ነበር። ከዚያ አዋጅ 1113/2011 ወጣ፣ ያ ክልከላ ተነሳ፣ ነግዳችሁ ገቢ አግኙም ተባልን። እኛ በተከፈተው በር ይዘን የገባነው ያንኑ የድሮ ዝርዝር ነው።

አሁን ለአንድ አፍታ ሽሙጡን ልተወው።

በጥር 2017 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ለ90 ቀን አገድኩ ስትል የኛ ቁርስ ቆመ። ገንዘቡ በአንድ ትልቅ ድርጅት በኩል ተቆራርሶ ይመጣልን ነበር፣ ሌላ ምንጭ አልነበረንም። ሰኔ መጨረሻ ላይ የአሜሪካ የእርዳታ ኤጀንሲው ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። ግቢ ስሄድ ትልቁ ብረት ድስት ታጥቦ ተደፍቷል። የሚያበስሉልን እማማ ደጁ ላይ ተቀምጠዋል። ደሞዝ ካዩ ሁለት ወር አልፏቸዋል፣ የጠየቁኝ ግን ስለ ደሞዙ አልነበረም። «ልጄ፣ እነዚህ ልጆች በአጥር እያዩ ‹እማማ ዛሬስ?› ሲሉኝ ምን ልበላቸው?» አሉኝ። ምን እላለሁ? ገንዘቡ ሲመጣ በነበረባቸው አራት ዓመታት ሁለተኛ ለጋሽ ለመፈለግ አንድ ቀን ቁጭ ብለን አናውቅም። የስብሰባ አበል ላይ ግን ፈርመናል። እኔም ፈርሜያለሁ። ዋሽንግተን ያደረገችውን አድርጋለች፣ ያንን እኛ አንመልሰውም። አራት ዓመት መተኛታችን ግን የራሳችን ሥራ ነው፣ ያሳፍራል፣ ያናድዳልም።

በቃ፣ ተነፈስኩ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

አማካሪዎቹንማ ሳላመሰግን አላልፍም። «ከዶነር ጋር ግንኙነት አለኝ» የሚሉትን። ግንኙነቱ አንድ ጊዜ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሻይ ሰዓት ላይ የተቀበሉት ቢዝነስ ካርድ ነው። ካርዱን እንደ ታቦት ሸፍነው ነው የሚይዙት። ከተገኘው ገንዘብ 10 በመቶ ይጠይቃሉ፣ ካልተገኘም ቀብድ አይመልሱም። ማመልከቻውን ሲያስገቡ የፊተኛውን ለጋሽ ስም ሳያጠፉ ይልኩታል። ተቀባዩ «የናንተ ድርጅት ለዓመታት ያሳየው ቁርጠኝነት» የሚለውን ሲያነብ የጎረቤቱን ስም ያገኛል።

ይህን እየጻፍኩ ስልኬ ጮኸ። ሥራ አስኪያጃችን ነው። ደስ ብሎታል።

«አንድ ለጋሽ አገኘሁ እኮ! ንብ ላይ ነው የሚሠሩት። ፕሮፖዛሉ አንተ ጋ አለ አይደል? ቶሎ ላክልኝ፣ ዛሬ ማታ ይዘጋል።»

«የቱን? የሕፃናቱን ነው የአህዮቹን?»

ትንሽ አሰበ።

«የአህዮቹን» አለኝ፣ «እሱ ይሻላል፣ ተሻሽሏል።»