«ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?» ለሚሉን

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ የቀረቡ የሕግ ባለሙያ፣ ወንጀል ያልሠራ ሰው የፀረ ሽብር ሕጉን የሚፈራበት አንዳች ምክንያት እንደሌለ፣ የሚጮኹትም የሚደብቁት ነገር ያላቸው ብቻ እንደሆኑ ረጋ ብለው ሲናገሩ አዳመጥኩ። አወያዩ ራሱን ነቅንቆ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፈ። እኔ ማለፍ አቃተኝ።

ይህ አባባል የሚያስኬደው ቅጣት ከፍርድ በኋላ የሚመጣ ቢሆን ነበር። በእኛ አገር የሽብር ክስ ግን ቅጣቱ ፍርዱን ቀድሞ ይደርሳል። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓታችን በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ የተወሰነው የምርመራ የጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ፖሊስ እስኪመረምር ተጠርጣሪው ታስሮ የሚቆይበት ጊዜ፣ በቀድሞው የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ከ28 ቀን እንዳያንስ ተደረገ። ጣሪያ የነበረው ተነሥቶ በምትኩ ወለል ተነጠፈ ማለት ነው፤ እሱም እየታደሰ እስከ አራት ወር ይዘልቅ ነበር። ክስ ከተመሠረተ ደግሞ ዳኛው፣ ተከሳሹ ውሳኔ እስኪያገኝ ታስሮ ይቆይ ከማለት ሌላ ምርጫ አልተተወለትም ነበር። ዋስትና የሚባል ነገር ከናካቴው ተረሳ።

በኢንተርኔት ላይ ይጽፉ የነበሩትን የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎችን ያስታውሷቸዋል። ስማቸውን ያገኙት ከቃሊቲ ነው፤ እስር ቤቱ ስምንት ዞን አለው፣ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጪ ያለነው እኛ ነን። ሚያዝያ 2006 ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ዘጠኝ ሆነው ታሰሩ። ከቀረቡባቸው ነገሮች አንዱ ኢሜይልንና ኮምፒውተርን ከሰላይ ዓይን መጠበቅ የሚያስተምር ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። በርህን ቆልፈህ ተኝተሃል ብሎ ሰውን መክሰስ ከዚህ በምን ይለያል? ሐምሌ 2007፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ አዲስ አበባ ሊገቡ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ የአምስቱ ክስ በድንገት ተቋረጠ። በእስር የቀሩት አራቱ ጥቅምት 2008 በፍርድ ቤት ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። ንጹሕ ነበሩ እንግዲህ፤ ባለሙያው እንደሚሉት የሚፈሩት ነገር አልነበረም። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ታስረው መክረማቸውን ግን የትኛው የንጽሕና ሒሳብ ያወራርደዋል?

ችግሩ የሕጉ ሳይሆን የአስፈጻሚዎቹ ነበር የሚል ማምለጫም ተከትሎ መጣ። 28 ቀኑን የጻፈው የፖሊስ ጣቢያው መርማሪ ነው እንዴ? የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ ተብሎ በቀድሞው ምትክ የመጣው የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 1176/2012 እንኳ የቀድሞው ሕግ ራሱ የዜጎችን መብት የጎዳ ክፍተት እንደነበረበት በመግቢያው አምኗል። አዲሱ እንደ ሰላማዊ ሰልፍና ስብሰባ ያሉ መብቶችን መጠቀም ሽብር እንዳይባል መደንገጉን አልክድም። ሽብር የለም የሚል ሞኝም አይደለሁም። ነገር ግን አሸባሪ ድርጅት ማን እንደሆነ የመፈረጁ ሥልጣን ዛሬም በፖለቲከኞች እጅ ነው።

ሚያዝያ 2013 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕወሓትን በአሸባሪነት ፈረጀ፤ መጋቢት 2015 ደግሞ ፍረጃውን አነሣ። በእጅ ማውጣት የገባ በእጅ ማውጣት ወጣ። ፍረጃው ይገባ ነበር ወይስ አይገባም የሚለውን ሌላ ቀን እንከራከርበታለን። እኔ ባለሙያውን መጠየቅ የምሻው በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል ከድርጅቱ ጋር ግንኙነት አለህ ተብሎ ስለተያዘ ሰው ነው፤ ይህ ሰው ንጹሕ የሚባለው እጆች በወጡበት በየትኛው ቀን ነው?