ጠረጴዛ ላይ የሚሮጥ አሥር ሺህ ሜትር

«ኃይሌ ይበልጣል ወይስ ቀነኒሳ?» የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ማኪያቶው ገና ያቃጥላል። መልስ ሳይገኝ ብርጭቆው ግርጌ ላይ የቀረው አረፋ ደርቆ ይለጠፋል።

የክርክሩ ሕግ ቀላል ነው። መጀመሪያ ሯጭህን ትመርጣለህ፤ ከዚያ እሱን አንደኛ የሚያደርገውን መለኪያ ትፈልጋለህ። የኃይሌ ወገን ከሆንክ የሲድኒ ኦሊምፒክን አሥር ሺህ ሜትር ታነሳለህ። መስከረም 1993 ዓ.ም.፣ ከ25 ዙር በኋላ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀደመው። በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 መግባቱንም ትደርብበታለህ። የቀነኒሳ ወገን ከሆንክ ደግሞ የአሥር ሺህ ሜትር ክብረ ወሰኑን 26:17.53ን እንደ ስልክ ቁጥርህ በቃልህ ማወቅ ግዴታህ ነው። ብራስልስ፣ 1997 ዓ.ም.፤ ዩጋንዳዊው ቼፕቴጌ እስኪመጣ ለ15 ዓመት የነካው የለም። ከዚያ በአገር አቋራጭ በአዋቂዎች ምድብ በግሉ ያመጣቸውን 11 የዓለም ሻምፒዮንነቶች ትቆጥራለህ። አገር አቋራጭ በቴሌቪዥን አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ እዚህ ላይ ራሱን ይነቀንቃል።

«የፓሪሱ የዓለም ሻምፒዮና ላይስ ማን አሸነፈ?» ይመጣል። በ1995 ዓ.ም. ቀነኒሳ 26:49.57፣ ኃይሌ 26:50.77። መልሱ ተሰናድቶ የቆየ ነው፦ «ኃይሌኮ 30 ሞልቶታል፣ ልጁ ገና 21!» ከዚያ የአቴንስ ኦሊምፒክ። ኃይሌ በእግር ጅማቱ ሕመም እየተቸገረ ወደኋላ ሲቀር ቀነኒሳና ሌላው የቡድን ጓደኛቸው ስለሺ ስኅን ዞር ዞር እያሉ ያዩት ነበር። ይህቺ ዞር ማለት ለሁለቱም ወገን ታገለግላለች። አንዱ «አየህ፣ ታላቃቸው መሆኑን ያውቁ ነበር» ይላል፤ ሌላው «አየህ፣ ዞሮ የሚያይ እኮ የቀደመ ነው»።

ነገሩ የሚበላሸው አንዱ ስልኩን አውጥቶ ማካፈል ሲጀምር ነው። የምሩጽ ይፍጠር የሞስኮ ኦሊምፒክ 27:42.69 ለ25 ሲካፈል አንዱ ዙር 66.5 ሰከንድ ይሆናል፤ የብራስልሱ የቀነኒሳ 63.1። ስለዚህ ቀነኒሳ ሲገባ ምሩጽ ገና ከአንድ ዙር ከሩብ በላይ ይቀረዋል ማለት ነው። ሒሳቡ ልክ ነው፣ ድምዳሜው ግን አይረባም። ሞስኮ ላይ የሚፈለገው ወርቅ እንጂ ሰዓት አልነበረም። ሰውየው «ማርሽ ቀያሪው» የተባለውም መጨረሻ ላይ ጥሎ ስለሚሄድ ነው። ብራስልስ ግን ፊት ፊት እየመራ ፍጥነቱን የሚያስጠብቅ፣ ተከፍሎት የሚሮጥ አሯሯጭ ያለበት የሰዓት ውድድር ነው። የሠርግ ወጥን ከዘወትር ወጥ ጋር አወዳድሮ ሽንኩርቱን ማን እንደከተፈ አለመጠየቅ ነው። ዛሬ ደግሞ መሙ (የስታዲየሙ መሮጫ) ዳር ላይ በተፈለገው ፍጥነት እየበራ የሚሄድ መብራት ተጨምሯል፤ ቼፕቴጌ 26:11.00 የገባው እሱን እየተከተለ ነው። ምሩጽን ማን መብራት አበራለት?

የአበበ ቢቂላ ወገኖች ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም አይቻሉም። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ኦሊምፒክ ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ 2:15:16.2። የቀነኒሳ የበርሊን 2:01:41 ከዚህ በ13 ደቂቃ ተኩል ይፈጥናል ብትላቸው ከአበበ ሰዓት ላይ መቀነስ ይጀምራሉ። የዛሬ የጎዳና ጫማ ሶል እስከ 40 ሚሊሜትር ይፈቀድለታል፣ ውስጡም የካርቦን ሳህን አለው፤ ስለዚህ ለጫማ 6 ደቂቃ። ለድንጋይ ንጣፉ 5። ዛሬ በመንገዱ ላይ ለሚታደለው የሯጮች መጠጥ 3። መጨረሻ ላይ በችቦ ስለነበር ለጨለማው 2። ደቂቃዎቹ ከየት እንደመጡ አይጠየቅም፤ ውጤቱ 1:59:16 ወጥቷል፣ አበበ አንደኛ።

ያን ያህል ሳይቀንሱም ማሸነፍ ይችሉ ነበር። ሯጭን በዘመኑ ከነበሩት ጋር መለካት ይሻላል። ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ሳምንታቱ ነበር፤ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ጥሎት ገብቶ ሜዳው ላይ ጅምናስቲክ ሠራ። ግን ይህም መለኪያ ያዳላል። ጠንካራ ተፎካካሪ ያለው ሰው ክፍተቱ ይጠባል፤ ኃይሌ ቴርጋትን የሚያህል ሰው አብሮት ስለሮጠ ሊቀነስበት ነው? (እኔን ካላችሁኝ መም ላይ ቀነኒሳ፣ ማራቶን ላይ አበበ። ያለኝ ግን የለም።)

መለኪያ የሚመርጠው ዕድሜ ነው። ሞስኮን በሬዲዮ የሰማ ምሩጽን አይለቅም፤ ሲድኒን ጎረቤት ቤት ሄዶ ያየ ኃይሌን።

መሀል ላይ አንዱ ደፍሮ «ጥሩነሽስ?» ይላል። ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ፤ ከቀነኒሳ እኩል፣ ከኃይሌ በአንድ ብልጫ። ጠረጴዛው ጸጥ ይላል። «ደራርቱስ?» ሲባል ደግሞ ሁሉም ባንድ አፍ «ደራርቱማ እናታችን ናት!» ብለው ወደ ጠባቸው ይመለሳሉ። እናት በአሥር ሺህ ሜትር አትወዳደርም።

ሒሳብ ሊቀበል የመጣው አስተናጋጅ ከሲድኒ በኋላ የተወለደ ነው። ዳኛ ይሁን ተብሎ ይጠየቃል፣ ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ? ትሪውን እንደያዘ ትንሽ ያስባል።

«ኃይሌ… ሀዋሳ ሪዞርት ያለው ሰውዬ? ይሮጥ ነበር እንዴ?»