ንጉሥ ወረደ እንጂ አልተከሰሰም

የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰንን ከሥልጣን ያወረደውን የዋተርጌት ቅሌት የሚያወራ ሰው ሁሉ ከሁለት ጋዜጠኞችና ከአንድ ስውር ምንጭ ይጀምራል። እኔ ግን ከበሩ ነው የምጀምረው። ዋሽንግተን ውስጥ ሁለት ክረምት ሌሊት ሌሊት ጋራዥ ጠብቄያለሁ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ በር ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ሲያጋጥም ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ «ጽዳቶቹ ይሆናሉ» ይልና ልጦ ጥሎ ያልፋል።

የዋተርጌት ሕንፃ ዘበኛ ፍራንክ ዊልስም መጀመሪያ ያደረገው ይህንኑ ነበር። የ24 ዓመት ጥቁር ወጣት ነው፤ ደመወዙ በሳምንት 80 ዶላር። ሰኔ 10 ቀን 1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1972) ሌሊት የዋተርጌትን ሕንፃ ምድር ቤት ሲዞር፣ የበሩ ቁልፍ ምላሱ እንዳይገባ ፕላስተር ተለጥፎበት አየ። ላጠው። ቆየት ብሎ ተመልሶ ሲያይ ሌላ ፕላስተር ተለጥፏል። ይኼኔ ስልክ አንስቶ ፖሊስ ጠራ። ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች መጥተው ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከዴሞክራቲክ ፓርቲ ዋና ጽሕፈት ቤት፣ 5 ሰዎች ያዙ። ሙሉ ልብስ ለብሰው የሐኪም ጓንት ያጠለቁ፣ ካሜራና የድምፅ መጥለፊያ የያዙ፣ ቁጥራቸው የተከታተለ ባለ 100 ዶላር ኖቶች የተገኙባቸው ሌቦች ናቸው። አንደኛው ጄምስ ማኮርድ የሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ኒክሰን የምርጫ ኮሚቴ የጥበቃ ኃላፊ ሆኖ ተገኘ።

ዋይት ሐውስ ነገሩን ተራ ሌብነት ነው ብሎ አጣጣለው። መራጩም ብዙ አልደነቀውም፤ አምስት ወር ሳይሞላ ኒክሰን ከ50ዎቹ ግዛቶች 49ኙን ጠራርገው አሸነፉ። ሌብነቱ ጭራሽ አላስፈለጋቸውም ነበር።

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይላል ያገራችን ሰው። ኒክሰንም ሳያውቁት በዚህ ተረት ነው የኖሩት። ቢሯቸው ውስጥ የሚባለውን ሁሉ በስውር የሚቀዳ መሣሪያ ያስገጠሙት ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 በሴኔቱ ምርመራ ይህ ሲጋለጥ ቴፑን አልሰጥም አሉ። ቴፑን ይስጡ ብለው የሙጥኝ ያሉትን ልዩ ዐቃቤ ሕግ አርቺባልድ ኮክስን እንዲያባርሩ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን ኤሊየት ሪቻርድሰንን አዘዟቸው። ሪቻርድሰን አላደርገውም ብለው ሥራቸውን ለቀቁ። ምክትላቸው ዊሊያም ረክልስሃውስም እምቢ አሉ። በሦስተኛው ሰው በሮበርት ቦርክ እጅ ነው ኮክስ የተባረሩት፤ ይህ ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ምሽት።

ለእኔ የነገሩ እምብርት ይህች ቅዳሜ ናት። ሪቻርድሰን የኒክሰን ሹም ነበሩ። በሚቀጥለው ሐምሌ ቴፑ ይሰጥ ብሎ 8 ለ 0 የወሰነው ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ከስምንቱ ዳኞች ሦስቱ በኒክሰን የተሾሙ ነበሩ፤ ውሳኔውን የጻፉት ዋረን በርገር ጭምር። እኛ ዘንድ ሹመት ውለታ ነው። ሪቻርድሰን አዲስ አበባ ቢሆኑ ኖሮ በማግስቱ ስማቸው «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» ነበር የሚሆነው።

ቴፑ ሲወጣ፣ ሌቦቹ በተያዙ በ6ኛው ቀን ፕሬዚዳንቱ ሲ.አይ.ኤ.ን ተጠቅሞ የኤፍ.ቢ.አይ.ን ምርመራ የማስቆሙን ሐሳብ ሲያጸድቁ ተሰማ። ነሐሴ 3 ቀን 1966 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ።

ልክ በ34ኛው ቀን የእኛም ንጉሠ ነገሥት ወረዱ። ግንቦት 1965 ዋይት ሐውስ ድረስ ሄደው ኒክሰንን አነጋግረው ነበር፤ ሁለቱም አብረው እንደሚወርዱ ማን ያውቃል? አንዱ በሄሊኮፕተር፣ አንዱ በፎልክስዋገን ሄዱ። ጃንሆይ ችሎት ፊት ሳይቀርቡ፣ ዓመት ሳይሞላ በእስር ላይ እንዳሉ ሞቱ። ሹማምንታቸው በኅዳር አንድ ሌሊት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። የኒክሰን ሹማምንት ግን ጠበቃ ይዘው ተከራከሩ፣ ተፈረደባቸው፣ ታስረው ወጡ፤ የቀድሞው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጆን ሚቸል ሳይቀሩ። እዚህ ላይ ልዩነቱን ማሳነስ አልፈልግም።

ግን ኒክሰን ራሳቸውስ? ጳጉሜን 3 ቀን የተኳቸው ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ሙሉ ምሕረት አደረጉላቸው፤ አገሪቱ ትረፍ ብለው ነው ተባለ። ስለዚህ ተረቱ እዚያም ቢሆን የተሰበረው ግማሹ ነው። ንጉሡ እንዲወርዱ ተደረገ፤ ክስ ግን አላገኛቸውም።

ልብ ብላችሁ ከሆነ እኔም እዚህ ድረስ ፕሬዚዳንቱን «አንቱ»፣ ዘበኛውን «አንተ» እያልኩ ነው የጻፍኩት። ላርመው። አቶ ፍራንክ ዊልስ እ.ኤ.አ. በ1983 ጆርጂያ ውስጥ 12 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ስኒከር ጫማ ሰርቀዋል ተብለው አንድ ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።